የችቦ ብርሃንና የልብ ወለድ መነሻ

ምንባብ፣ ሰዋስውና ድርሰት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
1. ለልብ ወለድ መነሻ የሚሆን ሐሳብ ከየት እንደሚገኝ ታስረዳላችሁ፤
2. በአንድ በዓል ላይ ያያችሁትን ከሰማችሁት ለይታችሁ ትመዘግባላችሁ፤
3. አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግሶችን በታሪክ አጻጻፍ ውስጥ በየቦታቸው ትጠቀማላችሁ፤
4. ከአንድ በዓል ተነሥታችሁ የልብ ወለድ የመጀመሪያ ገጽ ትጽፋላችሁ።

ከማንበባችሁ በፊት

በምትኖሩበት ከተማ ወይም መንደር በምሽት እሳት ወይም መብራት የሚበራበት በዓል የትኛው ነው? ባለፈው ዓመት በዚያ ምሽት የት ነበራችሁ? ከማን ጋር ነበራችሁ? በዚያ ምሽት ከመካከላችሁ የጎደለ ሰው ነበረን? መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉና ምንባቡን ጀምሩ።

ሀ. መነሻ ሐሳብ ከየት ይመጣል?

ብዙ ተማሪዎች ልብ ወለድ ጻፉ ሲባሉ በመጀመሪያ የሚያቀርቡት ምክንያት «የምጽፈው ነገር የለኝም» የሚል ነው። አንዳንዱ ያነበበውን የውጭ አገር መጽሐፍ ይከተልና፣ በረዶ የሸፈነው መንገድ ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ስለዚያ መንገድ ይጽፋል። ድርሰቱ በክፍል ውስጥ ሲነበብ ጓደኞቹ በጸጥታ ያዳምጡታል፤ ንባቡ ካለቀ በኋላ ግን ከታሪኩ አንዲት ነገር እንኳ የሚያስታውስ አይገኝም። ጉድለቱ የቋንቋ አይደለም። ጸሐፊው የሚያውቀውን ትቶ የማያውቀውን ስለ ጻፈ ነው።

«ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ራሱ ምክር ይሰጠናል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙትና በአማርኛ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ የሚባለው ድርሰት የወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርእስ ነበር፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚለው ስም ታወቀ። ልብ ወለድ ማለት ልብ የወለደው ማለት ነው። ልብ ግን ካልፀነሰ አይወልድም፤ የሚፀንሰውም ዐይን ካየው፣ ጆሮ ከሰማው፣ እጅ ከዳሰሰው ነገር ነው። ስለዚህ የምንጽፈውን ስንፈልግ አስቀድመን መመልከት ያለብን በአጠገባችን ያለውን ነው።

በአጠገባችን ካለው ሁሉ ደግሞ በዓል ለጀማሪ ጸሐፊ እጅግ ይመቻል። በዓል የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ቦታ፣ የታወቀ ሥርዓት አለው። ከዚህም በላይ፣ በዘወትር ቀን የማይታወቀው ጉድለት በበዓል ቀን ጎልቶ ይታያል። በማግስቱ ተራ ቀን ሰው የሌለበት መቀመጫ መቀመጫ ብቻ ነው፤ በበዓል ምሽት ግን የቀረው ሰው ማን እንደሆነ ይናገራል።

ለ. የጨለማ ወቅትና የብርሃን በዓል

የሰው ልጅ በየአገሩ ጨለማው በሚበዛበት ወቅት ብርሃን የማብራት ልማድ አለው። ምድር 23 ዲግሪ ተኩል ያህል አዘንብላ ፀሐይን ስለምትዞር፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የዓመቱ አጭር ቀን በታኅሣሥ 12 ገደማ ይውላል። የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም በዚያ ቀን የፀሐይን ብርሃን የምታገኘው ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስዊድናውያን ከዚያ ሳምንት ቀደም ብለው የቅድስት ሉቺያን በዓል በሻማ ያከብራሉ። ኢራናውያን የዓመቱን ረጅም ሌሊት «ያልዳ» ብለው ቤተሰብ ተሰብስቦ በጨዋታና በንባብ ያመሸዋል። አይሁድም በሐኑካ በዓል ስምንት ሌሊት መብራት ይለኩሳሉ።

የኛ አገር ለምድር ወገብ የቀረበች ስለሆነች የሌሊቱ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ ገደማ ላይ የምትገኘው ገዋኔ በዓመቱ አጭር ቀን እንኳ 11 ሰዓት ተኩል ያህል የፀሐይ ብርሃን ታገኛለች። ታኅሣሥ ለእኛ በጋ ነው፤ የገና በዓልም የሚከበረው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው። የኛ ጨለማ የክረምት ደመና ነው። በደጋው ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ጎተራው ይጎድላል፤ ዘመድ ከዘመዱ ይለያያል። ስለዚህ ታላላቆቹ የችቦ በዓሎቻችን በክረምቱ ውስጥና በመውጫው ላይ ይውላሉ፤ እነዚህም ነሐሴ 13 የሚውለው ቡሄ፣ ችቦ የሚበራበት የዘመን መለወጫ ዋዜማና መስከረም 16 የሚለኮሰው ደመራ ናቸው።

ቡሄ ወይም ደብረ ታቦር ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃኑን የገለጠበት በዓል ነው። እንደ ትውፊቱ፣ በዚያ ምሽት ብርሃኑን አይተው እረኞች በሜዳ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ልጆቻቸውን ፍለጋ ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ወጡ። ዛሬም በዋዜማው ችቦ ይበራል፤ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ከቤት ወደ ቤትም እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለው ተረትና ምሳሌ በዓሉ ለሕዝቡ የተስፋ ምልክት መሆኑን ያስረዳል። የደመራው ሥርዓት የሚፈጸምበት የመስቀል በዓል ደግሞ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የትውፊቱን ጭብጥ ልብ በሉ። ችቦው መጀመሪያ የተለኮሰው ለጌጥ አልነበረም፤ በጨለማ የቀረ ልጅ ለመፈለግ ነበር። ይህ ብቻውን ለልብ ወለድ የሚበቃ መነሻ ነው።

ሐ. ደራስያን መነሻቸውን እንዴት አገኙ?

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1843 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በማዕድን ጉድጓድና በፋብሪካ ስለሚሠሩ ሕፃናት ለአገሩ ፓርላማ የቀረበ ሪፖርት አነበበ። በሁኔታው በመቆጣቱ አንዲት የተቃውሞ ጽሑፍ ለማሳተም አሰበ። በኋላ ግን ታሪክ ቢጽፍ የበለጠ ሰው ልብ እንደሚነካ ተረዳና ሐሳቡን ለወጠ። የታሪኩን ጊዜ የገና ዋዜማ አደረገው፤ በስድስት ሳምንት ያህል ጽፎ ጨረሰው፤ መጽሐፉም ዲሴምበር 19 ቀን ወጥቶ የመጀመሪያው እትም 6,000 ቅጂ ገና ሳይደርስ ተሸጦ አለቀ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች እንደተገናኙ እናያለን። አንደኛው ደራሲው በዘመኑ ያየውና ያነበበው የድሆች ልጆች ችግር ነው። ሁለተኛው የራሱ ትዝታ ነው፤ ዲከንስ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ አባቱ በዕዳ በታሰረበት ወቅት፣ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ሠርቷል። ሦስተኛው በዓሉ ነው። በዓሉ ብቻውን ታሪክ አልሆነም፤ ችግሩና ትዝታው የሚገናኙበትን ምሽት ሰጠ እንጂ።

የኛም ደራስያን ከሚያውቁት ተነሥተው ጽፈዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተወለዱበትንና ያደጉበትን የጎጃምን አገር፣ ሰውና ልማድ ይዞ የቆመ ነው። በዓሉ ግርማ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ከተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተነሥቶ «ኦሮማይ»ን ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም። ያዩትን መጻፍ አንዳንድ ጊዜ ብርቱ ዋጋ ያስከፍላል። እናንተ የምትጽፉት የክፍል ድርሰት ይህን ዋጋ አይጠይቃችሁም፤ ያያችሁትን ሳታጣምሙ የመጻፍ ግዴታው ግን አንድ ነው።

መ. ገዋኔን እንደ ምሳሌ

አሁን አንዲት ከተማ እንውሰድ። ገዋኔ በአፋር ክልል፣ ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ቆላ ከተማ ናት። የአየሉ ተራራ ይታይባታል፤ የአዋሽ ወንዝ በሜዳዋ ያልፋል። «እዚህ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የሚል ተማሪ ቢኖር የሚከተለውን ይመልከት።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከሚገኘው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወደ ባሕር ሳይደርስ በጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ክረምት በደጋው ሲበረታ ውኃው ወደ ቆላው ይወርዳል። ስለዚህ በገዋኔ ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከብ እየታየ፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል ብዙ ሺህ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። የደጋው ደመና ለቆላው ሰው የሚደርሰው በዝናብ መልክ ብቻ ሳይሆን በጎርፍም መልክ ነው። ለአንድ ጸሐፊ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አደጋው የሚመጣው ከማይታይ ቦታ ነውና።

የአፋር ሕዝብ ደግሞ ለጸሐፊ ትምህርት የሚሆን ታላቅ ባህል አለው፤ ይኸውም ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ እንዲሁ ተላልፈው አይሄዱም። ቆመው ወይም አረፍ ብለው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም አንዱ ሌላውን ምን እንዳየና ምን እንደሰማ ይጠይቀዋል። ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ፣ ስለ ከብቶች ጤንነት፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት፣ በአካባቢው ስለ ታየ እንግዳ ሰው በዝርዝር ይነጋገራሉ። ተናጋሪው በዐይኑ ያየውን ከሌላ ሰው ከሰማው ለይቶ ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል። የሰው ሕይወትና የከብት ውኃ በዚህ ወሬ ላይ ስለሚቆም፣ ወሬን ማጣመም በባህሉ ያስወቅሳል፤ ያስቀጣልም።

ጸሐፊ የሚሆን ሰው ይህን ሥርዓት በደብተሩ ላይ ቢፈጽመው ይጠቀማል። ገጹን ለሁለት ከፍሎ፣ በአንደኛው ወገን «ያየሁት»፣ በሁለተኛው ወገን «የሰማሁት» ብሎ ይጽፋል። ልብ ወለድ ፈጠራ ቢሆንም የሚፈጠረው ከተጣራ ዕቃ ነው። የሌላ ሃይማኖት ወይም የሌላ ብሔረሰብ ጎረቤታችሁን በዓል የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ፣ በግምት ከመጻፋችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። የረመዳን ጨረቃ ስትጠበቅ ሽማግሌው ምን እንደሚሉ፣ የቡሄ ሙልሙል ለማን እንደሚሰጥ፣ ባለ በዓሉ ራሱ ይነግራችኋል። ያልጠየቀ ጸሐፊ ጎረቤቱን ያሳንሳል፤ ጎረቤቱም ድርሰቱን ሲያነብ ራሱን አያገኝበትም።

ሠ. ከመነሻ ሐሳብ ወደ ታሪክ

መነሻ ሐሳብ ገና ታሪክ አይደለም። ታሪክ የሚሆነው ጥያቄ ስንጠይቀው ነው። «በገዋኔ የቡሄ ምሽት» የሚለውን መነሻ ወስደን እንጠይቅ።

ማን? የሾፌር ልጅ፤ ወላጆቹ ከደጋ የመጡ ናቸው። ጓደኛው የአፋር አርብቶ አደር ልጅ ነው።
መቼ? ነሐሴ 12 ማታ፤ የእጅ ስልክ ገዋኔ ከመድረሱ በፊት በነበረ ዘመን።
የት? በከተማው ዳርና በወንዙ ሜዳ።
ምን ይፈልጋሉ? እናት አባት በሌለበት ቤት በዓሉን ማክበር ትፈልጋለች። የጓደኛው ቤተሰብ ከጎርፍ ማምለጥ ይፈልጋል።
ምን ያጋጫቸዋል? ያለው አንድ ችቦ ብቻ ነው።

ዘመኑን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪኩን በዛሬው ጊዜ ብናደርገው ልጁ የስልኩን መብራት ያበራል፤ ችቦው ለበዓሉ ይተርፋል፤ ግጭቱም ይጠፋል። መቼት ሲለወጥ ታሪኩም እንደሚለወጥ ከዚህ ተረዱ። ከላይ ከተመለከተው እቅድ የተጻፈው አንቀጽ የሚከተለው ነው።

«ገዋኔ ላይ ዝናብ አልጣለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አዋሽ ግን ከሠርክ ጀምሮ ድምፁን ለውጧል። አባቴ ከመኪናው ጋር እንደ ሄደ ከቀረ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ቡሄ ነው። እናቴ ‹አባትህ የለም ተብሎ ቤታችን ጨልሞ አያድርም› ብላ ለሦስት ቀን ደረቅ እንጨት ስትለቅም ሰንብታ፣ ያሰረችውን ችቦ ከበሩ ሥር አስደግፋዋለች። ሙልሙሉ በነጠላ ተሸፍኖ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ያን ጊዜ ከሜዳው ማዶ ጥሪ ሰማሁ። የጓደኛዬ ድምፅ ነበር። ከድምፁ በኋላ የፍየሎች ጩኸት መጣ። ውኃው ዙሪያቸውን ይዟቸው ደረቁ መሬት በየት በኩል እንደሆነ ማየት አልቻሉም። እናቴን አየኋት። እሷም ችቦውን አየች። ምንም አልተናገረችም። ክብሪቱን ከመቀነቷ ፈትታ በእጄ ላይ አኖረችው።»

ጸሐፊው እናቲቱ ደግ መሆኗን በቃል አልነገረንም፤ የሠራችውን አሳየን። «በዓል የመተሳሰብ ቀን ነው» የሚል ምክርም አላከለበትም። አንባቢው ይህን ራሱ ይደርስበታል። ችቦው በትውፊቱ እንደ ተደረገው፣ በጨለማ የቀረን ሰው ለመፈለግ ወጣ።

ረ. ሰዋስው፦ አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግሶች

ሦስቱን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።
1. ልጁ ችቦውን ለኮሰ። (አድራጊ)
2. ችቦው ተለኮሰ። (ተደራጊ)
3. እናቲቱ ልጁን ችቦውን አስለኮሰችው። (አስደራጊ)

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ድርጊቱን የፈጸመው ሰው ይታወቃል። በሁለተኛው ድርጊቱ ብቻ ተነግሮ ፈጻሚው ተሰውሯል። በሦስተኛው ከፈጻሚው በስተ ኋላ ሌላ አድራሽ፣ ሌላ ፈቃድ እንዳለ እናውቃለን። «ተ-» ተደራጊውን፣ «አስ-» አስደራጊውን እንደሚያመለክት አስተውሉ።

ይህ የሰዋስው ልዩነት ለታሪክ ጸሐፊ ይጠቅማል። በዓልን የሚዘግብ ሰው ብዙ ጊዜ «ችቦ ተለኮሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ተጨፈረ» እያለ በተደራጊ ግስ ይጽፋል። ጽሑፉ ስሕተት የለበትም፤ ሰው ግን የለበትም። ልብ ወለድ የሚጀምረው «ማን ለኮሰው? ማንስ አስለኮሰው? ለምን?» ብለን ስንጠይቅ ነው። ተደራጊውን ግስ ጨርሳችሁ ጣሉት ማለታችን ግን አይደለም። ፈጻሚውን ሆን ብላችሁ ለመሰወር ስትፈልጉ፣ ለምሳሌ «በሌሊት በሩ ተንኳኳ» ስትሉ፣ አንባቢውን በጉጉት ለማቆየት ይረዳችኋል።

መልመጃ አንድ፦ የምንባብ ጥያቄዎች

1. በኢትዮጵያ የችቦ በዓላት በታኅሣሥ ሳይሆን በክረምትና በክረምት መውጫ የሚውሉበትን ምክንያት ምንባቡ እንዴት ያስረዳል?
2. ዲከንስ ሊያሳትም ያሰበውን የተቃውሞ ጽሑፍ ትቶ ታሪክ የጻፈው ለምንድን ነው?
3. ዳጉ ከተራ ወሬ የሚለየው በምንድን ነው? ሁለት ነጥቦች ጥቀሱ።
4. በምሳሌው አንቀጽ ውስጥ ሰማዩ መጥራቱ ለታሪኩ ምን ይጠቅማል?
5. እናቲቱ ችቦውን ለጓደኛው ባታስለኩስ ኖሮ ታሪኩ ወዴት ይሄድ ነበር? ሐሳባችሁን በምክንያት ደግፉ።

መልመጃ ሁለት፦ ግስ

ሀ. ለሚከተሉት ግሶች ተደራጊና አስደራጊ ቅርጻቸውን ጻፉ፦ ጋገረ፣ ለቀመ፣ ሸፈነ፣ ጠራ (ሰውን)፣ ቆረሰ።
ለ. የሚከተለውን አንቀጽ አድራጊ ግሶችን ተጠቅማችሁ እንደገና ጻፉት። ፈጻሚዎቹን ራሳችሁ ምረጡ። «ደመራው ተተከለ። አደይ አበባ ታሰረበት። ምሽት ላይ ተለኮሰ። ወዴት እንደሚወድቅ ተጠበቀ።»
ሐ. ከጻፋችሁት አንቀጽ ውስጥ አንዱን ዐረፍተ ነገር ወደ አስደራጊ ለውጡና ትርጉሙ እንዴት እንደ ተለወጠ አስረዱ።

መልመጃ ሦስት፦ ድርሰት

1. በዚህ ሳምንት ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ አንድ ታላቅ ሰው ስለ አንድ የበዓል ምሽት ጠይቁ። የነገሯችሁን «ያየሁት» እና «የሰማሁት» በሚሉ ሁለት ዓምዶች መዝግቡ። ስማቸውን በድርሰቱ ውስጥ እንዳታነሡ፤ ታሪካቸውንም ለመጻፍ አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ።
2. ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል ለሚሉት አምስት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።
3. ከ150 እስከ 200 ቃል የሚደርስ የልብ ወለድ መክፈቻ ገጽ ጻፉ። በገጹ ውስጥ አንድ ብርሃን ይኑር፤ ኩራዝ፣ ችቦ፣ ምድጃ ወይም ጨረቃ ሊሆን ይችላል። ብርሃኑ የሚያስፈልገው ሰውም ይኑር።
4. ከጻፋችሁ በኋላ ለጎረቤታችሁ ተማሪ አንብቡለት። አንብባችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ዝጉና ከታሪኩ ምን እንዳስታወሰ ጠይቁት። ያላስታወሰውን ክፍል እንደገና ጻፉት።